የፍልስፍና ዲግሪ ይዤ ሲቪዬን እንዴት ልጻፍ?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በ2016 ዓ.ም. በፍልስፍና ተመርቄያለሁ። ውጤቴ 3.4 ነው፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ።

የሥራ ማስታወቂያዎቹ ሶሲዮሎጂ፣ ማኔጅመንት፣ ጋዜጠኝነት ይላሉ። «ወይም ተዛማጅ» የምትለዋን ተማምኜ እሄዳለሁ፤ ዲግሪዬን አይተው ይመልሱኛል። (ከዚህ መሃል ከተማ ድረስ የታክሲውን ነገር ታውቁታላችሁ።) አንድ ድርጅት ብቻ ለኮሙኒኬሽን ሥራ ቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሲቪዬ ላይ «የትንተና ችሎታ» ይላል። «በምን ታሳየናለህ?» አሉኝ። የወሰድኳቸውን ኮርሶች ዘረዘርኩ። በዚያው ቀረ።

የሠራሁት ነገር ግን አለ። ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርስ ስለሆነ የሰፈር ተማሪዎችን እያስከፈልኩ አስጠናለሁ። የብሎካችን ነዋሪዎች በውሃ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ደግሞ የሁለቱንም ወገን ክርክር ለይቼ፣ ለወረዳው የገባውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ገጽ፣ ማስረጃው በቅደም ተከተል። እውነቱን ለመናገር ከመመረቂያ ጽሑፌ ይልቅ በሱ እኮራለሁ። ሲቪ ላይ ሳሰፍረው ግን የሰፈር ወሬ ይመስላል።

ፍልስፍና ተምራችሁ ሥራ የያዛችሁ፣ እንዲህ ዓይነቱን ልምድ ቀጣሪ ከቁም ነገር እንዲቆጥረው ሲቪያችሁ ላይ ምን ብላችሁ ጻፋችሁት?