12 ዓመት የቆመ ዚል 131፦ ሞተሩ አልዞር አለኝ

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የድሮ የወታደር ጭነት መኪና፣ ሶቪየት ሠራሹን ዚል 131፣ ገዝቼ ግቢ አስገብቻለሁ። 12 ዓመት ዛፍ ስር የቆመ ነው። አዲስ ባትሪ አሰርኩለት፤ ሞተሪኖው (ማስነሻው) አንዴ "ጠቅ" ይልና ዝም። ሞተሩ ነክሷል፣ ማለትም ውስጡ ተጣብቋል ማለት ነው? ጎማዎቹም ወርደዋል፣ ፈትቼ ልቀይራቸው ነው። አልዋሽም፣ ቀለሙን ጀምሬዋለሁ። አንዱ በር አረንጓዴ ሆኗል።

ዳዶ ፈቺ፦ ኧረ ቀለሙን ተወው ወንድሜ! ቁልፉንም አትንካ። 8ቱንም ካንዴላ ፍታ። ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቀላቅለህ በየቀዳዳው ትንሽ ትንሽ አፍስስ። 4 ቀን ይተኛበት። ከዚያ ማርሹን ዜሮ አድርግና ከፊት በእጅ ማዞሪያው ብረት ሞክረው። እምቢ ካለህ አትታገለው፣ ጨምርበትና ጠብቅ። እኔ አንዴ ረጅም ቧንቧ ቀጥዬ ስታገል ያተረፍኩት የተሰበረ የፒስተን ፋሻ ነው።

የጋራዥ ልጅ፦ ዳዶ ፈቺ ያለው ልክ ነው። ሲዞርልህ ግን ፊትህን ከካንዴላው ቀዳዳ አርቅ፣ ዘይቱ ይተፋል። ሌላው፣ የካንዴላ ገመዶቹ በብረት ቱቦ የተሸፈኑት የሬዲዮ ግንኙነት እንዳይረብሹ ነው። ብዙ ሰው "ምን ያደርጋል" ብሎ ቆርጦ ይጥለዋል። እንዳታደርገው። ካንዴላዎቹም ለዚያ ሽፋን የተሠሩ ናቸው፤ ተራው አይገጥምም።

ቸርኬ፦ እኔን ያስደነገጠኝ የጎማው ነገር ነው። የዚህ መኪና ቸርኬ ባለ ቀለበት ነው፤ ጎማውን ቸርኬው ላይ የሚይዘው ተለይቶ የሚወጣ የብረት ቀለበት ነው። አየር እያለው ቀለበቱ ከተፈናጠረ ሰው ይገድላል። ጎማው የወረደ ቢመስልህም የንፋስ መሙያውን ቫልቭ ነቅለህ አውጣና ጨርሶ አስተንፍሰው። ስትሞላም በሰንሰለት እሰረው። ረጅም የጎማ መንፊያ ቱቦ ተጠቀም፣ ከጎን ራቅ ብለህ ቁም። ቀለበቱ ዝገት የበላው ከሆነ ሂሳብ አትሥራ፣ ጣለው።

ጠያቂው፦ ከ6 ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ዞረ! መጀመሪያ የጣት ውፍረት ያህል፣ ከዚያ ሙሉ። ከአየር ማጣሪያው ውስጥ የአይጥ ጎጆ አወጣሁ። የነዳጅ ታንኩን ስከፍተው ቤንዚኑ እንደ ቫርኒሽ ይሸታል። ላስነሳው?

የጋራዥ ልጅ፦ በዚያ ቤንዚን በፍጹም። ካርቡራተሩን ታደፍነዋለህ። ትንሽ ጀሪካን ላይ ንጹህ ቤንዚን አድርገህ በቱቦ አገናኝ። የሞተር ዘይቱንም ከማስነሳትህ በፊት ቀይር፤ ስር ውሃ አይጠፋውም። ከተነሳ በኋላም እንዳትነዳው። ፍሬኑ በአየር ነው፤ አየር ካልሞላ ፔዳሉን ብትረግጥ ምንም የለም። ከ6 ቶን በላይ ነገር ስትነዳ በእጅ ፍሬን አትተማመን።

ጠያቂው፦ ተነሳ! ጭሱ ጎረቤት አስወጣ። ጋቢና ውስጥ ሆኜ በመኪናው በራሱ የአየር መስመር ጎማዎቹን ሞላሁ፤ ሲነጋ ግን 6ቱም ወርደዋል። 6ቱም በአንድ ቀን ሊበሱ አይችሉም መቼም።

ቸርኬ፦ አልበሱም። ሁሉም በአንድ የአየር መስመር የተገናኙ ናቸው፣ አንዱ ሲያፈስ ሁሉንም ይጎትታል። በየጎማው ላይ ያለውን መዝጊያ ዝጋና አሳድር። አየሩን ከያዘ ጎማው ጤነኛ ነው። ችግሩ የጎማው እምብርት (መሀሉ) ላይ አየር እንዳይወጣ የሚይዘው ጎሚኒ ነው፣ ሲቆም ይደርቃል። ወደ መስመሩ አየር ልቀቅና የሳሙና ውሃ ቀባው።

ጠያቂው፦ የኋላ ግራ ነው። አረፋው ልብስ ያጥባል።