መናፈሻ ውስጥ በዲቴክተር መፈለግ፦ ጥበቃው ልክ ነው ወይስ ልጁ?

የአራዳ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ አንዱ «መናፈሻ የሕዝብ ነው፣ መሬት ውስጥ የቀረ ነገር ደግሞ ባለቤት የለውም፤ ጥበቃው ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ ማሽን) ይዤ እንዳልገባ የከለከለኝ በምን ሕግ ነው?» ብሎ ጻፈ፤ ስንቱ ደግሞ አጨበጨበለት። በጣም ነው ያናደደኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እኔም ሕዝብ ነኝ። የኔን ድርሻ ቆፍረህ ውሰድ ያለህ ማነው?

ባለማሽኑ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። ሣሩን ገለጥ አድርጌ ሳንቲሟን አወጣለሁ፣ መልሼ እደፍናለሁ። ማንን ጎዳሁ? የቅርስ አዋጁ ውስጥ ዲቴክተር የሚል ቃል ካለ አሳዩኝ።

ሕግ አዋቂ፦ ማሽኑን ሳይሆን ሥራውን ነው የሚከለክለው። አዋጅ 209/1992 ቅርስ ፍለጋ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይካሄድም ይላል። አንቀጽ 41 ደግሞ በአጋጣሚ ለተገኘ ነው፦ ቤት ስትሠራ፣ መንገድ ስትቆፍር ካገኘህ ወዲያው ታሳውቃለህ፣ እስኪረከቡህ ትጠብቃለህ፣ ሽልማትም አለህ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ሣር ለሣር የሚዞር ሰው ግን «በአጋጣሚ ነው» ቢል ማን ያምነዋል?

ባለማሽኑ፦ ቅርስ ፈለግኩ ያለህ ማነው? የጠፋ ቀለበት ብፈልግስ? ፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 1159 ሃምሳ ዓመት ተቀብሮ የኖረና የኔ ነው ባይ የሌለው ነገር ሲገኝ አግኚው ግማሹን ያገኛል ይላል። «ባለቤት የለውም» ያልኩት ከዚያ ወስጄ ነው።

ሕግ አዋቂ፦ አንብበህ ጨርስ። እዚያው ላይ ዕቃው የተገኘበት መሬት (ወይም ሌላ ነገር) ባለቤት ንብረት ይሆናል ይላል፤ ላንተ የዋጋው ግማሽ ወሮታ ነው። የ1952ቱ ሕግ እንኳን «ባለቤት የለውም» አላለም። ቀጥሎ ያለው 1160 ደግሞ ጥንታዊ ዕቃ በልዩ ሕግ ይገዛል ብሎ በሩን ዘግቶብሃል።

ደጃች ውቤ ሰፈር፦ አንድ ልጅ ላይ ይሄን ሁሉ ስትረባረቡ ኤክስካቫተሩን ረሳችሁት? ፒያሳ ሲፈርስ አፈሩ በሲኖትራክ ሲጫን ቆሜ አይቻለሁ። እኔ በነበርኩበት በኩል ቅርስ እንዳያመልጥ ወንፊት ይዞ የቆመ ሰው አልነበረም። ተወልጄ ያደግኩበት ሰፈር ነው።

የአራዳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ሕመምዎ ይገባኛል። ግን የዚያኛው ጥፋት ለዚህኛው ፈቃድ አይሆንም። እሱ ሌላ ክርክር ነው።

ደጃች ውቤ ሰፈር፦ በፍጹም ሌላ አይደለም! አንቀጽ 41 የተጻፈው ለኤክስካቫተሩ ነው። ትልቁን ሳይጠይቁ ትንሹን በር ላይ መመለስ ሕግ ማስከበር አይባልም።

ባለማሽኑ፦ ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። እንግሊዝ አገር እኮ ያገኘ ሰው ይሸለማል፣ ሙዚየም ስሙን ይጽፍለታል።

ከለንደን፦ እዚህ ስላለሁ ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የትሬዠር (የተቀበረ ሀብት) ሕግ በ14 ቀን ውስጥ ካላሳወቅክ ያስቀጣሃል። የመሬቱ ባለቤት ሳይፈቅድ ደግሞ ማሽን አታበራም፤ ለንደን ውስጥ በንጉሣዊ መናፈሻዎቹ ጭራሽ ክልክል ነው። ፈረንሳይ ከፕሬፌው (መንግሥት ከሾመው የአካባቢው አስተዳዳሪ) ፈቃድ ትጠይቃለች። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች መያዙ ራሱ ያስከስሳል። የሽልማቱን ብቻ መርጠህ አታምጣ።

ሰባራ ባቡር፦ ጣሊያን ሲወጣ የቀበረው ወርቅስ? አባቴ ሲነግረኝ

የአራዳ ልጅ፦ ይሄ የጣሊያን ወርቅ ስንቱን ሰው የገዛ ጓሮውን አስቆፍሮ ባዶ እጁን አስቀረ! ጣሊያን ጥይትና ቦምብም ትቶ ሄዷል። ማሽኑ ለሁሉም እኩል ነው የሚጮኸው። ልጆች የሚሯሯጡበት መናፈሻ ውስጥ በቢላ ልትጎረጉር ነው?

ሰባራ ባቡር፦ አባቴ ዋሸ ነው የምትለኝ?

አምስት ኪሎ፦ ወደ ነገሩ እንመለስ። «ማንን ጎዳሁ» ላልከው፦ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ጠገራ ብር ሁሉ 1780 ይላል፤ ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ የተመታውም ያው 1780 ነው። መቼ እንደወደቀ የሚነግረን ብሩ ሳይሆን የተኛበት አፈርና አጠገቡ ያለው ገል ነው። አንተ ብሩን መዘህ ስትወጣ ያ ተበጠበጠ፣ ሣሩን መልሰህ ብትደፍነውም አይመለስም። አንድ የማውቀው ሰው ያገኘውን ጠገራ በሎሚና በአመድ ፈትጎ የንግሥቲቱን ፊት አጠፋው። ከዚያ ቸርችል ጎዳና ለቱሪስት ዕቃ ሻጭ ወስዶ ሸጠው። የት እንደተገኘ አሁን ማን ያውቃል?

ባለማሽኑ፦ እሺ፣ ጠገራው ቅርስ ይሁን። የ1969ኙ የደርግ ሃምሳ ሳንቲምስ? አሜሪካኖቹ ቅርስ ለመባል መቶ ዓመት ብለው ወስነዋል። የኛ አዋጅ ትርጓሜው ላይ የዕድሜ ቁጥር አላስቀመጠም። ጥበቃው በምን ሊለየው ነው?

ሕግ አዋቂ፦ ጥበቃው መለየት የለበትም፣ ሥራው በር መጠበቅ ነው። መለየት የባለሙያ ነው። ፈቃድ ጠይቅ።

ባለማሽኑ፦ ለሃምሳ ሳንቲም?

ደጃች ውቤ ሰፈር፦ ሲኖትራኩስ ጠይቋል ወይ? አሁንም መልስ አልሰጣችሁኝም።