ሊኑክስ ሜንፍሬም ላይ ስጭን ኔትዎርኩ እምቢ አለኝ

ጥቁር_ስክሪን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜንፍሬም (የአይቢኤም ትልቁ ማሽን) ላይ አዲስ ነኝ፣ እስካሁን የሠራሁት በተራ ሰርቨር ነው። ማሽኑን ለብዙ ምናባዊ ኮምፒውተሮች በሚያካፍለው ዜድ/ቪኤም ውስጥ በተከፈተልኝ ገስት (አንዱ ምናባዊ ኮምፒውተር) ላይ ሬድ ሃት 9 ሊኑክስ እየጫንኩ ነው። ከርነሉን (የሊኑክሱን እምብርት)፣ ፓርም ፋይሉን (የመነሻ ቅንብሩን) እና ኢኒትአርዲውን (ለመነሻ የሚሆነውን ጊዜያዊ የፋይል ስብስብ) ሪደር በሚባለው ምናባዊ ማንበቢያ ውስጥ አስገብቼ ከ00ሲ (ከሪደሩ አድራሻ) አይፒኤል ሳደርግ፣ ማለትም ሳስነሳው፣ ምንም ሳይል ይነሳል። ከዚያ ግን የመጫኛ ፋይሎቹ ያሉበትን ሰርቨር ማግኘት ያቅተውና ቀጥ ይላል። ጌትዌዩን (የኔትዎርኩን መውጫ በር) ፒንግ ባደርግ፣ ማለትም የሙከራ መልእክት ብልክለት፣ ዝም። የኔትዎርክ ካርዱ 0600፣ 0601 እና 0602 አድራሻዎች ላይ ነው፣ ሊኑክሱም ኢኤንሲ600 ብሎ አውቆታል፣ አይፒውም ተቀምጧል። ፓርም ፋይሉን ከሌላ ገስት ነው የወሰድኩት፣ የቀየርኩት አይፒውንና ስሙን ብቻ ነው። የዜድ/ቪኤም ባለሙያችን ፈረቃው ሌላ ስለሆነ የማገኘው በኢሜይል ነው፤ ምን ብዬ እንደምጠይቀው እንኳ ብትነግሩኝ ይበቃኛል።

ኬብል_ፈታ፦
የካርዱ ቁጥሮች ችግር የለባቸውም። የማንበቢያው ተጋማሽ ቁጥር መሆን አለበት፣ የመጻፊያው ደግሞ ተከታዩ፤ ያንተ ልክ ነው። እኔ የምጠረጥረው ሌየሩን (ኔትዎርኩ የሚሠራበትን ደረጃ) ነው። ቪስዊቹ (ገስቶቹን የሚያገናኘው የዜድ/ቪኤም ምናባዊ ስዊች) በኢተርኔት ከተሠራ ፓርም ፋይሉ ላይ ሌየር2=1፣ በአይፒ ከተሠራ 0 ነው የሚጻፈው።

ሰማንያ_ዓምድ፦
ፓርም ፋይሉ ላይ ከ80 ፊደል የሚያልፍ መስመር እንዳይኖር እይ። ሪደሩ ዛሬም ራሱን የድሮ የወረቀት ካርድ ማንበቢያ አድርጎ ነው የሚያስበው፣ 80ው ራሱ አይቢኤም በ1928 ካወጣው ካርድ የመጣ ነው። መስመሩ ከተቆረጠ የጌትዌዩ ግማሽ ይጠፋና ማንም አይነግርህም።

ጥቁር_ስክሪን፦
መስመሮቹ አጭር ናቸው። ሌየር2=1 ነው፣ ቪስዊቹም ኢተርኔት እንደሆነ ባለሙያው ጽፎልኛል።

ጋሽ_ዜድ፦
ልጄ፣ መገመቱን እናቁም። እዚያው ኮንሶሉ ላይ ከፊቱ የፓውንድ ምልክትና (#) ሲፒ (የዜድ/ቪኤሙ ተቆጣጣሪ) አድርገህ የምናባዊ ካርዱን ሁኔታ የሚያሳየውን ኩዌሪ ቨርቹዋል ኒክ ዲቴልስ በል። ይሄ ትእዛዝ የሚሄደው ለሊኑክሱ ሳይሆን ለዜድ/ቪኤም ነው፣ ስለዚህ ኔትዎርክ ባይኖርም ይሠራል። ላን የሚለው ቦታ ላይ የቪስዊቹ ስም አለ ወይስ ምንም የለም? የከርነሉንም መልእክት እይ፣ ላኑ ኦፍላይን ነው የሚል ነገር ካገኘህ ፓርም ፋይሉን ለጊዜው ተወው። ካርድ አለህ ማለት ነው፣ ግን የተሰካበት ቦታ የለም።

ጥቁር_ስክሪን፦
ጋሼ፣ ልክ እንዳሉት ነው! ላን የሚለው ጋ ምንም የለም፣ ከርነሉም ኦፍላይን ነው ይላል። ገስቱን ዘግቼ እንደገና ሎግ ኦን ሳደርግ ደግሞ ወደ ቪስዊቹ ለመያያዝ ፈቃድ የለህም የሚል መስመር ብልጭ ብሎ አለፈ። አይፒኤሉ ስክሪኑን ስለሚሞላው እስካሁን አላየሁትም።

ኬብል_ፈታ፦
በቃ ተገኘ። ባለሙያው ሴት ቪስዊች በሚለው ትእዛዝ ለገስትህ ግራንት (ፈቃድ) ይስጥህ፣ ከዚያ ካርዱን ለመሰካት ካፕል 0600 ቱ ሲስተም ብለህ የቪስዊቹን ስም ጻፍ።

ጥቁር_ስክሪን፦
ግራንቱን ሰጠኝ፣ ካፕል ስል ግን ያው መልስ ነው።

ጋሽ_ዜድ፦
እንግዲያው ራክ-ኤፍ (ፈቃድና ደህንነት የሚቆጣጠር ሶፍትዌር) አለባችሁ። በውስጡ ቪኤምላን የሚባለው ክላስ (የኔትዎርክ ፈቃዶች ምድብ) ንቁ ከሆነ ዋናው ፈቃድ የራክ-ኤፍ ነው፣ የሲፒው ግራንት አይበቃህም። ባለሙያውን እንዲህ በለው፦ ሲስተም ነጥብ የቪስዊቹ ስም በሚለው ፕሮፋይል ላይ፣ ቪኤምላን ክላስ ውስጥ፣ ለገስቴ አፕዴት የሚባለውን የፈቃድ ደረጃ ፍቀድልኝ። የራክ-ኤፍ ፈቃድ ዳታቤዙ ላይ ስለሚቀመጥ ዜድ/ቪኤም ቢነሳም አይጠፋም። በትእዛዝ የተሰጠ ግራንት ግን ሲስተም ኮንፊግ (የዜድ/ቪኤሙ ቅንብር ፋይል) ላይ ካልተጻፈ በሚቀጥለው አይፒኤል ይሄዳል፣ ይሄ ደግሞ ብዙ ሰው በእሑድ ጥገና ማግስት ሰኞ ጠዋት የሚጮህበት ነገር ነው።

ጥቁር_ስክሪን፦
ሠራ! ፒንጉ ይመልሳል፣ ጫኙም ተነሳ። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ትንንሾቹ ፋይሎች ይወርዳሉ፣ ትልቁ ጋ ሲደርስ ስህተት እንኳ ሳይጽፍ እዚያው ይቀራል።

ሰማንያ_ዓምድ፦
ኤምቲዩ (በአንድ ጊዜ የሚላከው ትልቁ የፓኬት መጠን) ነው የሚሸተኝ። የአይፒው መስመር መጨረሻ ላይ ስንት ይላል?

ጥቁር_ስክሪን፦
8992

ሰማንያ_ዓምድ፦
ፓርም ፋይሉን የወሰድክበት ገስት ጃምቦ ፍሬም (ከ1500 ባይት የሚበልጥ ፓኬት) በሚያሳልፍ ኔትዎርክ ላይ ነበር ማለት ነው። ያንተ ውጭ ያለው ስዊች 1500 ብቻ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ አትከፋፍል የሚለውን አማራጭ ጨምረህ በ1472 ባይት ፒንግ አድርግ፣ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመር 1500 ይመጣል። ከዚያ ኤምቲዩውን 8992 እንዳለ ትተህ የፒንጉን መጠን 8000 አድርገህ ሞክር። የመጀመሪያው ካለፈና ሁለተኛው ዝም ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም።

ጥቁር_ስክሪን፦
1472 ያልፋል፣ 8000 የለም። ፓርም ፋይሉ ላይ 1500 አድርጌ እንደገና አስነሳሁት፣ አሁን ፓኬጆቹን እየጫነ ነው። ጋሼ፣ እናንተም ልጆች፣ አመሰግናለሁ።

ጋሽ_ዜድ፦
ስትጨርስ ከሪደር ሳይሆን ከዲስኩ አይፒኤል ማድረግህን አትርሳ፣ አለበለዚያ ጫኙ እንደገና ይመጣብሃል።