ክረምቱ የብራና ሥዕሌን አጣጠፈብኝ፤ ምን ላድርግ?

እንዴት ከረማችሁ? የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ እዚህ ባሕር ዳር የሰፈራችን ሠዓሊዎች በራቸውን ከፍተው ነበር። ሰዉ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በእግሩ ሲዞር ዋለ። እኔ አራቱን ቶሎ ቶሎ አየሁና የምወዳት ትንሿ ጋለሪ ገባሁ። ሐይቁ ዳር ያለች ባለ አንድ ክፍል ቤት ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ባለቤቱ እየጮኸ ነው የሚያወራው።

በሩ አጠገብ አንድ የብራና ሥዕል ተሰቅሏል። ሰውዬው የደንገል ታንኳ ይቀዝፋል። የደንገሉ እስር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጠርዙ ላይ ደግሞ የፍየሉ ፀጉር የነበረበት ቦታ እንደ ነጠብጣብ ቀርቷል። ልነካው ስል ባለቤቱ «ጀርባውን ንኪ» አለኝ። ነካሁት፤ ሳልገዛው መውጣት አልቻልኩም።

ቤት ወስጄ ሳሎን ግድግዳ ላይ በሚስማር መታሁት። አሁን ጥጎቹ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልለዋል። ከባድ መጽሐፍ ልጫንበት? ቀለሙ እንዳይነሳብኝ ፈራሁ።

መልስ 1
እህቴ፣ መጽሐፉን ተይው። ብራና ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የጥንት የብራና መጻሕፍት በሁለት የእንጨት ገበታ መሀል የሚያዙት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ፍሬም አሠሪለት፤ መስታወቱ ግን ቀለሙን እንዳይነካ ዙሪያውን ካርቶን ይግባበት። ሙጫ በፍጹም!

መልስ 2
ከደብረ ማርቆስ ነኝ። የእኔን መስኮት ፊት ለፊት ሰቅዬ ቀይ ቀለሙ ደበዘዘ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል። ፀሐይ አታሳዪው። ደግሞ የቀዛፊው ሁለቱም ዐይኖች ይታያሉ? ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ብትሄጂ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ታዪዋለሽ። በቆየው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ደጋጎቹ ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው በሁለት ዐይን፣ ክፉዎቹ በጎን በአንድ ዐይን ይሣላሉ።

ጠያቂዋ
አዎ፣ ሁለቱም ይታያሉ! ልብ አላልኩትም ነበር። ትናንት ሥዕሉን መልሼ ለሠዓሊው ወሰድኩለት። ሚስማሩ የበሳውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፣ ግን አልተቆጣኝም። ጠርዙን ዙሪያውን በክር እየወጠረ እንጨት ላይ አሰረልኝ፤ ቆዳው መጀመሪያ ሲፋቅ የሚወጠረው እንደዚያው ነው አለኝ። አሁን ፀሐይ የማይደርስበት ኮሪደር ላይ ነው። ልጄ ባለፈች ቁጥር «እማ፣ ሰውዬው አየኝ» ትላለች።