«ሌይ ኦፍ» ተባልኩ፤ ማመልከቻው ላይ «ተባረርኩ» ብዬ ልሙላ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከምሠራበት ሆቴል ማክሰኞ ዕለት «ሌይ ኦፍ» የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ። የሥራ አጥነት ክፍያ ማመልከቻው ከሥራ የወጣሽበትን ምክንያት ጻፊ ይላል። «ተባረርኩ» ብዬ ልሙላ?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። «ተባረርኩ» የሚለውን ግን እንዳትነኪው።

አንቺ እንኳ ጠየቅሽ። እኔ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስሠራ አለቃዬ ደውሎ «ሌይ ኦፍ» ሲለኝ «ዴይ ኦፍ»፣ የዕረፍት ቀን የሰጠኝ መስሎኝ አመሰገንኩት። ሦስት ቀን ተኛሁ፤ በአራተኛው የደንብ ልብሴን ተኩሼ ሄድኩ። የመግቢያ ካርዴ በሩን አልከፍት ሲለኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

እኛ ከሥራ የወጣውን ሁሉ «ተባረረ» ማለት ይቀናናል እንጂ አማርኛችን እኮ ይለያል። «ሌይ ኦፍ» ተቀነሰ ማለት ነው፤ ሥራው ቀዝቅዟል ወይም ክፍሉ ተዘግቷል፣ ሠራተኛው ግን ጥፋት የለበትም። ተባረረ የሚባለው «ፋየርድ» ሲሆን ነው። አስቸጋሪው «ሌት ጎ» ነው፤ እንደ እኛው «ተሰናበተ» ሁለቱንም ይሸፍናል። ክፉ ቃል ከአፉ ማውጣት የከበደው አለቃ የሚሸሸግባት ቃል ናት። እሷን የሰማ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ክፍያው ያለ ጥፋቱ ሥራ ላጣ ሰው የተዘጋጀ ስለሆነ ነው። በጥፋት የተባረረ ሊከለከል ይችላል። ቀጣሪሽም ይጠየቃል፤ እሱ «ቀንሰናታል» እያለ አንቺ «ተባረርኩ» ካልሽ ጉዳዩ እስኪጣራ ትጉላያለሽ።

በቃል ከጠየቁሽ «አይ ዋዝ ሌድ ኦፍ» በይ፤ ያለፈው ጊዜ «ሌድ» ነው። ደግሞ ሐኪም «ሌይ ኦፍ ዘ ሶልት» ቢልሽ እንዳትደነግጪ፣ ጨው ተዪ ማለቱ ነው።

ማመልከቻውን ሳትውዪ ሳታድሪ አስገቢ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን ደግሜ ሳየው «ላክ ኦፍ ወርክ» ይላል። ይህስ ሌላ ነው?

መልስ፦ ሥራ ጠፋ ማለት ነው፣ ያው ነው። ከምርጫዎቹ መካከል ራሱን ታገኚዋለሽ፤ እሱን ምረጪ፣ ደብዳቤውንም አያይዢ።