ተማሪ ለመምህሩ ኢንቦክስ ይጻፍ ወይስ ግሩፕ ላይ ብቻ?

አወያይ፦ አንዲት እናት "መምህርና ተማሪ በቴሌግራም ለብቻቸው መጻጻፍ የለባቸውም፤ የሚባል ነገር ካለ የክፍሉ ግሩፕ ላይ ይባል" ብለዋል። እስቲ ተከራከሩበት።

የ9ኛ ክፍል ሂሳብ መምህር፦ አልስማማም። በኮሮና ጊዜ፣ መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ሲዘጋ ቴሌግራም የገባሁት ኖት ለመላክ ነበር። እንደገባሁ ቀረሁ። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ። "ያልገባው?" ስል ጸጥ ይላሉ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ግን መጨረሻ ወንበር የምትቀመጥ ልጅ የደብተሯን ፎቶ ላከችልኝ። ነጌቲቭ 2ን ቅንፉ ውስጥ ስታባዛ የሁለተኛውን ምልክት ረስታዋለች። በቀይ ከብቤ መለስኩላት። "እሺ ቲቸር" አለች። ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። ግሩፕ ላይ ብቻ ቢሆን ትጠይቅ ነበር?

ያቺ እናት፦ ቲቸር፣ እርስዎን ጠርጥሬ አይደለም። ግን በዚያ ሰዓት ምን እንደተባባላችሁ በምን አውቃለሁ? ስልኩን የገዛሁት እኔ፣ የይለፍ ቁጥሩን የምታውቀው ልጄ። በኮሙኒኬሽን ደብተር ጊዜ እያንዳንዷን ቃል አንብቤ ነበር የምፈርመው።

የፕላዝማ ተማሪ የነበረ፦ እኛ ስንማር አስተማሪው ቴሌቪዥን ውስጥ ሆኖ በእንግሊዝኛ ያስነካዋል። እጅህን ብታወጣ አያይህም! አጠገብህ ለቆመው መምህር የምትተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነበረች። አሁን ቢያንስ ልጁ መልሶ ይጠይቃል። ይቺን በር አትዝጉብን።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ስለ ኢንቦክስ ትከራከራላችሁ፤ ስማርት ስልክ የሌለውስ? ቲቸር አሳይመንቱን ማታ ግሩፕ ላይ ይለጥፍና ጠዋት "ነግሬያችኋለሁ" ይላል። ለማን ነው የነገረው? ጓደኛዬ የሰማችው አሳይመንቱ ሲሰበሰብ ነው። ዜሮ ተሰጣት። ደግሞ በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ቴሌግራም ራሱ የተዘጋበት ጊዜ ነበር።

የሂሳብ መምህሩ፦ የዜሮዋ ነገር ነካኝ። እኔም አድርጌዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ አሳይመንት ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ግሩፑ ለማስታወሻ ብቻ። እናት፣ እርስዎ ላሉት ደግሞ፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አልመልስም፤ ከትምህርት ውጭ ወሬ የለም፤ ስልኩን ክፈቺ ካሏት ትክፈትልዎት። ኢንቦክሱን ግን አልዘጋም።

ያቺ እናት፦ በ2 ሰዓት እኔም ቤት ነኝ። እሱስ ጥሩ። ግን ሁሉም መምህር እንደ እርስዎ ነው? አሁንም ግሩፕ ይሻላል ባይ ነኝ።

የሂሳብ መምህሩ፦ ግሩፕ ላይ ያቺ ልጅ አትጽፍማ።