ቡሪን (የድንጋይ መቅረጫ) እንዴት ነው የሚሰራው?

አንገረብ ማዶ፦
ሰላም ቤቶች፣ እዚህ ጎንደር እንጨትና ቀንድ ነው የምቀርፀው እና ሰሞኑን ቪዲዮ ላይ የጥንት ሰዎች አጥንት ይቀርፁበት የነበረ ቡሪን የሚሉት የድንጋይ መሮ አየሁና ልሞክረው ብዬ ከወንዝ ዳር ጥቁር ድንጋይ አምጥቼ ጫፉን ብሞርደው ብሞርደው ዝም ብሎ ይፈረፈራል። ድንጋዩ ነው ወይስ አሰራሩ? የሚያውቅ ካለ በናታችሁ

ጠራቢው፦
ሁለቱም ነው ብሮ 😄 የኛ ሰፈር ድንጋይ አብዛኛው ባዛልት ነው፣ ሻካራ ነው። ለዚህ ስራ ባልጩት ነው የሚሆነው፣ እሱ ሲመታ ልሙጥ ሆኖ ይሰነጠቃል። ደሞ ቡሪን አይሞረድም! መጀመሪያ ከትልቁ ድንጋይ ረዘም ያለ ስስ ስንጣሪ ታወጣለህ፣ አንዱን ጫፍ ትሰብረውና ደልደል ያለ ቦታ ይኖርሃል፣ እዛችው ላይ በትንሽ ድንጋይ ወይ በቀንድ መዶሻ ጠርዙን ተከትለህ ወደታች አንዴ ስትመታው ጠርዙ እንደ ክብሪት እንጨት ተልጦ ይወድቃል። የሚቀርልህ ማዕዘን ምላጭ አይደለም፣ ወፈር ያለ ነው፣ አጥንት ላይ ስትጫነው የማይሰበረውም ለዛ ነው። ሲዶለዱም ሌላ ልጥ ታነሳለታለህ አለቀ። በዚህ ነው ቀንድ ላይ ሁለት ቦይ ጎን ለጎን እየቆፈሩ መሃሉን ፈልቅቀው መርፌና የጦር ጫፍ የሚሰሩት የነበረው

ቆላ ወጣ፦
ግን ቡሪን የተባለ ሁሉ መቅረጫ አይደለም እኮ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንዳንዶቹ ጫፋቸው ምንም አልተነካም፣ የሰሩት በሌላው ጠርዝ ነው፣ አንዳንዱ ደሞ ትንንሽ ስለት ማውጫ ነበር፣ ማለትም የሚፈለገው የሚወድቀው ልጥ ነው። ቪዲዮ ሰሪዎቹ ይቺን አይነግሯችሁም

ጎርጎራ ዳር፦
ቡሪን ባይሆንም የድንጋይ መሳሪያ ከሆነ እኛም ጋ አለ። አርኪኦሎጂስቱ ሉዊስ ሊኪ የጎርጎራ ዋሻን የድንጋይ መሳሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1943 ፅፎባቸዋል። መተማ በኩል ሽንፋ ወንዝ ላይ ደሞ 74,000 ዓመት ገደማ የሆነው የጥንት ሰዎች መኖሪያ ተገኝቷል፣ ጥናቱ በ2024 ነው የወጣው፣ ትንንሾቹ የድንጋይ ጫፎች የቀስት ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሏል

አንገረብ ማዶ፦
ተባረኩ። ባልጩቱን ከየት ላምጣ ታዲያ፣ ጎርጎራ ልውረድ?

ጠራቢው፦
ኧረ ከዛ እንዳትነካ፣ ቅርስ ነው! ለመለማመጃ የወፍራም ጠርሙስ ቂጥ ይበቃሃል፣ አሰባበሩ ከባልጩት ጋር አንድ ነው። መነፅር አድርግ፣ ደጅ ሆነህ ስራ፣ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው። አጥንቱን ደሞ ውሃ ውስጥ አሳድረው፣ ደረቁን ብትታገለው ክንድህ ነው የሚያልቀው